የገለበጥኩት ደብዳቤ

የተያዝኩት ነቀምቴ፣ ከቤታችን ደጃፍ ልብስ ሳሰጣ ነው። ደብተሬ ውስጥ በየሰፈሩ ሲዞር የነበረ ደብዳቤ ተገኘብኝ። ፈንጣጣ ሊከትቡ የሚዞሩት የመንግሥት ሰዎች መርፌ ልጆቻችንን መካን ያደርጋል ይላል፤ ሰባት ጊዜ ገልብጦ ያላሰራጨ ቤቱ ይጠፋል ይላል። ለፖሊሶቹ «ደረሰኝ እንጂ አልገለበጥኩም» አልኳቸው። ገልብጬ በገበያ ቀን አድዬ ነበር። እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ለሰፈሩ ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ። ከሰው ጋር ማውራት ያሳፍረኛል፤ ወረቀት መስጠት ግን ይቀለኛል። ደግሞም ቤታችን እንዳይጠፋ ፈርቼ ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ ያሰሩኝ ክፍል ጠባብ ናት። ወለሉ አፈር ነው፤ የሽንት ጣሳው ከበሩ ሥር ተቀምጧል። አኖ ከምትባል የገጠር ከተማ የመጣች አንዲት እናት ጥግ ይዛለች።

«ነይ ኢንታላ ኮ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። ነጠላዋን አንጥፋ አስቀመጠችኝ። ከያዘችው ቆሎ አካፈለችኝ።

ትንሽ ቆይቶ የጣቢያው አስር አለቃ ወረቀት ይዞ ገባ።

«ይቺ ሴትዮ ማንበብ አልችልም ትላለች። ተማሪዋ፣ እስቲ አንብቢላት፤ ምን ስታዞር እንደከረመች ትስማው።»

ወረቀቱን ተቀበልኩ። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። ሁለት ጊዜ ጀምሬ አቋርጬ፣ በሦስተኛው አነበብኩላት።

«ገበያ ላይ ነው የሰጡኝ» አለች ሴትዮዋ። «ያነበቡልኝን ነው የማውቀው። ከታቢዎቹ ሲመጡ ልጄን በቆሎ ማሳ ውስጥ ደበቅሁት።»

«ከዚያስ?» አላት አስር አለቃው።

«ፈንጣጣው አገኘው። አንድ ዓይኑ ጠፋ። አሁንም ተኝቷል፤ ለጎረቤት ነው የተውኩት።»

«የጻፈውን ካልተናገርሽ ነገ ፍርድ ቤት ነሽ። ልጁን ጎረቤት ያሳድገው» ብሎ ወጣ።

የቀረኝን ቆሎ መልሼ ነጠላዋ ላይ አስቀመጥኩት። እሷ ግን «አይዞሽ፣ አንቺን ይለቁሻል፤ ገና ልጅ ነሽ» እያለች ታጽናናኝ ነበር። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ አስር አለቃው ሲመለስ ተነሣሁ።

«ጽሑፉ የእኔ ነው።»

«ጠዋት አልገለበጥኩም አላልሽም?»

«ዋሽቼ ነው።»

እርሳስ ሰጠኝ፤ የመጀመሪያውን መስመር ጻፍኩለት። ከደብዳቤው ጋር አስተያየውና ለሴትዮዋ በሩን ከፈተላት።

ነጠላዋን አንሥታ አራገፈችው፤ ለበሰችው። በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች።

«ያን ሁሉ ስትጽፊ እጅሽን አላመመሽም?»

«አመመኝ» አልኳት።

እኔ አራት ወር ቆይቼ ወጣሁ። ዛሬም ጎረቤቶቼ ደብዳቤ ያጽፉኛል። መጨረሻው ላይ «ጸሐፊ» ብዬ ስሜን አኖራለሁ። «አንቺን ማን ጠየቀሽ?» የሚሉ አሉ። ስሜን ግን አልፍቀውም።