ክፍቱ የሸራ ጎን

ጎረቤቴ ሰላም ሃያ ጫጩት ገዝታ ግቢያችን ውስጥ በካርቶን አስቀምጣ ዙሪያውን በላስቲክ ከልላላቸዋለች፤ እንዲሞቃቸውም አምፖል አንጠልጥላላቸዋለች። ባለፈው ሳምንት ዝናቡ መብራቱን ሲያጠፋው ከሰል አቀጣጥላ መጣች።

«ንፋስ እንዳይመታቸው ላስቲኩን ልዝጋው አይደል፣ እትዬ?»

«አትዝጊው» ያልኳት ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ ነበር። ደነገጠች።

ቱላ የምትባል ከተማ ስንኖር፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ አባቴ በሞተ በዓመቱ እናቴ አርባ የአንድ ቀን ጫጩት አመጣች። ቤታችን ጠባብ ስለነበር ውጭ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ በጣውላ ከለለችላቸው። መሃል ላይ የከሰል ማንደጃ አለ፤ ከላይ ሸራ፣ አንድ ጎኑ ሁልጊዜ ክፍት። አድገው እንቁላል ሲጥሉ እኔ ትምህርቴን የምቀጥለው በእነሱ ነበር።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ከሰዓት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ልትደርስ ወጣች። «ሸራውን እንዳትነኪው፤ የከሰሉ ጢስ መውጫ ይፈልጋል» አለችኝ።

እንደሄደች ዝናቡ ከነንፋሱ ወረደ። ጫጩቶቹ እየተደራረቡ ሲጮኹ አንጀቴን በሉት። እኛ ደግሞ የንፋስን ያህል ጅብ አንፈራም፤ ታክሲ ውስጥ በላብ ተጠምቀን እንኳ መስኮት የሚከፍተውን እንቆጣለን። ክፍቱን ጎን ዘግቼ ድንጋይ ጫንኩበትና ቤት ገብቼ የተቀቀለ በቆሎዬን በላሁ። ጩኸቱ ጸጥ ሲል ሞቋቸው ተኙ ብዬ ደስ አለኝ።

ስገልጠው አንድም አልተንቀሳቀሰም። ሰውነታቸው ገና ይሞቅ ነበር። ከዚያ ያደረግሁት ዛሬም ያሳፍረኛል፤ ድንጋዩን አንስቼ ሸራውን እንደነበረው ከፈትኩት።

እናቴ ነጠላዋ ውሃ እያንጠባጠበ ተመለሰች። አንዱን አንስታ ዳበሰችው።

«ብርዱ ነው» አለች። «ምን ነበር ለቅሶው ቢቀርብኝ። ጥያቸው የሄድኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ምን ታደርጊ፣ እማዬ» አልኳት።

ትምህርቴ እዚያው ላይ ቆመ። እሷ ዳግመኛ ዶሮ አላረባችም፤ ለቅሶ ቤት ተረጋግታ መቀመጥም አልሆነላትም፤ ሰማዩ ጠቆር ሲል ተነስታ ትወጣለች። ሰው ኮራች አላት። ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል እሷም አለፈች። የሞተችው በክረምት ነው፤ ድንኳኗ ውስጥ አብዛኛው ወንበር ባዶ ነበር፤ የመጡትም ዝናቡ ሳይጠነክር ብለው ቶሎ ተነሡ።

የከሰሉ ጢስ እንደሚያፍናቸው ስነግራት ሰላም ላስቲኩን ገልጣ ትታ «ይሄን ከማን ተማሩት?» አለችኝ።

«ከእናቴ» አልኳት፤ የቀረውን ዋጥኩት። አሁን ብናገረው ማንንም አይጠቅምም። ያኔ ብናገረው ግን እናቴ እንደ ሰው ለቅሶ ተቀምጣ ትውል ነበር።