ሞቺ በጉርሻ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ማርታ ከዌምብሊ መጥታ አንድ ትንሽ ካርቶን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ስትከፍተው የዶሮ እንቁላል የሚያካክሉ ድቡልቡል ነገሮች፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ ነጭ፣ አመዳይ ለብሰው ተደርድረዋል።

«አባባ፣ ሞቺ አይስክሬም ነው። ትራይ ያድርጉት፣ ሶፍት ነው» አለችኝ።

ተነሥቼ ከመሳቢያው መቀስ አመጣሁና ነጩን አንሥቼ እንደ ልብስ ሰፊ ቆራረጥኩት። ልጅቱ መቀሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ስልኳን አነሣች። ለእናቷ ልትጽፍላት እንደሆነ ገብቶኛል። በእኔ ዕድሜ ሰው ትንሽ ወጣ ያለ ነገር ካደረገ ወዲያው የሚጠረጠረው ጭንቅላቱ ነው።

ዛሬ ለንደን ውስጥ የጃፓን ጣፋጭ የማይሸጥበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም። ወጣቶቹ አረንጓዴ ሻይ የተነሰነሰበት ኬክ ለመብላት ዝናብ ላይ ይሰለፋሉ። ዓሣ የሚመስል ቂጣ አፉን ከፍተው አይስክሬም ይሞሉትና ከመብላታቸው በፊት ፎቶ ያነሡታል። እኔ ግን ከሁሉም ቀድሜያለሁ። በዚህች ከተማ ሞቺ ያነቀው የመጀመሪያው ሐበሻ እኔ ሳልሆን አልቀርም። በሕይወቴ ሌላ አንደኛ የወጣሁበት ነገር ስለሌለ ይህችን አትንፈጉኝ።

ያኔ ገና ለጋ ነበርኩ፤ ፀጉርም ነበረኝ። ጠዋት ጠዋት እማራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሚስስ ሞሪ የሚባሉ ጃፓናዊት ጣፋጭ የሚሠሩበት ምድር ቤት ውስጥ ዕቃ አጥባለሁ። የመጀመሪያው ቀን ትልቅ ድስት ሙሉ ቀይ ባቄላ ሲንተከተክ አይቼ ምራቄን ዋጥኩ። ሽንኩርቱና በርበሬው መቼ ይገባል ብዬ ስጠባበቅ ሴትዮዋ ስኳር ገለበጡበት። እውነቴን ነው፣ ዞር አልኩ። ወጥ መሆን የሚገባው ነገር ዐይኔ እያየ ከረሜላ ሲሆን መመልከት አልቻልኩም። ብዙም ሳይቆይ ግን የዚያን ድስት ቂጥ በጣቴ የምጠርገው እኔው ሆንኩ።

ሚስስ ሞሪ ባቄላውን አንዳንዴ በባሕር ሣር ጭማቂ እንዲረጋ ያደርጉትና እንደ ሳሙና እየቆረጡ ይሸጡታል፤ ዮካን ይሉታል። አንዳንዴ በሁለት ትንንሽ ፓንኬክ መሐል ያደርጉትና ዶራያኪ ይሆናል። ከሁሉም የምወደው ግን ዳይፉኩን ነበር። ዳይፉኩ ማለት ያ ጣፋጭ ባቄላ ሞቺ ሲለብስ ነው፤ ሞቺ ደግሞ የሚያጣብቅ ሩዝ ተቀቅሎ፣ ተቀጥቅጦ፣ እንደ ማስቲካ እስኪሳብ ድረስ የታሸ ሊጥ ነው። ሴትዮዋ ሊጡ መድረሱን የሚያውቁት በአንድ እጃቸው እሱን፣ በሌላው የራሳቸውን የጆሮ ጫፍ ቆንጥጠው ነው። ሁለቱ እኩል ከለሰለሱ ደርሷል። ከዚያ እንዳያጣብቅ የድንች ዱቄት ነስነስ ያደርጉበታል።

በአገራቸው በአዲስ ዓመት ሰሞን ሽማግሌዎች ሞቺ እያነቃቸው እንደሚሞቱም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። በዕድሜ የገፋ ሰው ሊገዛ ሲመጣ ሁለት ጣታቸውን እንደ መቀስ እየከፈቱ እየዘጉ «ስሞል፣ ስሞል» ይሉታል።

በዚያው ዘመን ሰብለ የምትባል ልጅ ወድጄ ነበር። የምትኖረው ክላፋም፣ አጎቷ ቤት ነው። አጎቷ ሻለቃ ተሰማ የንጉሡ ዘመን መኮንን ነበሩ። ከአገር ወጥተው ማዕረጋቸው ቢቀርም ድምፃቸው አልቀረም። በቤተ ክርስቲያን «ልጅ» ብለው ሲጣሩ ልጅ ያልሆነውም ጭምር ዞር ይላል። እኔማ ገና ከሩቅ ሳያቸው የሸሚዜን ቁልፍ እቆልፍ ነበር። አንድ ቀን ሰብለ «ጋሼ ልየው ብሏል፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንድትመጣ» ስትለኝ ደስታውና ብርድ ብርድ ማለቱ እኩል መጡብኝ። ዘመድ የለኝ፣ ሽማግሌ የለኝ፣ የሚታየው እኔው ራሴ ነኝ። ካልወደዱኝ ነገሩ እዚያው አበቃ።

ወቅቱ ፍልሰታ ነው። ባዶ እጅ አይኬድም፤ ምን ይዤ ልሂድ? ኬኩ እንቁላል አለው፣ ብስኩቱ ቅቤ፣ ቸኮላቱ ወተት። ሳስብ ሳስብ የሚስስ ሞሪ ዳይፉኩ ትዝ አለኝ። ሩዝ፣ ባቄላና ስኳር፤ ከዚህ የበለጠ የጾም ነገር ከየት ይመጣል? በብልጠቴ ኮራሁ። ኩራቱ የቆየው አውቶቡስ እስክሳፈር ነው። ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ቴምዝን ስንሻገር የሴትዮዋ ጣቶች ሲከፈቱና ሲዘጉ ታዩኝ። ሻለቃው ሽማግሌ ናቸው። ጦር ሜዳ ያልጣላቸውን ሰው እኔ በሩዝ ሊጥ ልጥላቸው ነው። ሰብለን ልጠይቅ ሄጄ አጎቷን ቀብሬ ስመለስ ታየኝ። ላቡ ከአንገቴ ወረደ። በመስኮቱ ወርውሬው ልገላገል ሁሉ አሰብኩ። በመጨረሻ ቢላ ጠይቄ እኔው ራሴ በትንንሹ ቆርጬ ላቀርብላቸው ወሰንኩ።

ቤቱ ጠባብ ነው፤ የሽሮና የወለል ሰም ሽታ ተደባልቆበታል። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ጎመንና ምስር አቀረቡ፤ በላን። እኔ እንኳ በላሁ አይባልም፣ አንቀሳቀስኩት። ከዚያ ካርቶኑ ተከፈተ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ ሻለቃው።

«የጃፓን ጣፋጭ ነው ጋሼ። የጾም ነው። ባቄላና ሩዝ ብቻ ነው።»

«ባቄላ በስኳር?» ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አስካለ፣ እነዚህ ሰዎች ምን አድርገናቸው ነው?»

«እትዬ፣ ቢላ ባገኝ» አልኩ።

«ቢላ ለምን?» አሉ እሳቸው።

«ቆራርጬ ላቅርብልዎ ብዬ ነው። ትንሽ ያንቃል ይባላል፤ በተለይ...» ሽማግሌ የሚለውን ቃል ጥርሴ ላይ ያዝኩት።

«በተለይ ማንን?»

«ያልለመደውን ሰው።»

ሰብለ ጉልበቷን ማየት ጀመረች። ቢላው መጣ። አንዱን ዳይፉኩ እንደ ሐኪም እየተጠነቀቅኩ ከፋፈልኩት። ሻለቃው አንዷን ቁራጭ አንሥተው አኘኩ፣ አኘኩ፣ አሁንም አኘኩ። እኔ ዐይኔን ከማንቁርታቸው አልነቀልኩም። ወደ ላይ ወጣ፣ ቆመ፣ ከዚያ ወረደ። ዋጡ። እኔም ከእሳቸው ጋር ዋጥኩ። ተረፍን አልኩ በልቤ።

«አይከፋም» አሉ። «ለስላሳ ነው። ግን ለሰው ምግብ ቆንጥሮ መስጠት ከማን የተማርከው ነው? ደግሞ አንተ አልቀመስክም።» አንድ ሙሉ ዳይፉኩ አነሡ። «ጠጋ በል። አፍህን ክፈት።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ጉርሻ እምቢ አይባልም። ያውም ታላቅ ሰው፣ ያውም የምትመኛት ልጅ አጎት። «ልቁረጠው» ልል አፌን ስከፍት ገባ። ሙሉው ገባ። ጉንጬ ተነፋ፣ የድንቹ ዱቄት አፍንጫዬ ድረስ ሄደ። ያም ሆኖ ቀስ ብዬ ባኝከው ኖሮ ምንም አልነበረም። ሻለቃው ግን ወንበራቸው ላይ ለጠጥ ብለው «ለመሆኑ ወደፊት ምን ልትሠራ አስበሃል?» አሉኝ።

ታላቅ ሰው ሲጠይቅ መልስ አይዘገይበትም። ለመናገር አየር ሳብኩ። አየሩ ሲገባ ሞቺው አብሮ ሄደና ጉሮሮዬ ላይ ተለጠፈ። አየሩም በዚያው ቀረ።

ከአገር ስወጣ በረሃ ላይ፣ ኬላ ጥሰን፣ ፈርቼ አውቃለሁ። ያኔ ግን ቢያንስ እሮጥ ነበር፤ ትንፋሼ ራሱ ይሰማኝ ነበር። ይኼኛው ድምፅ የለውም። ለመሳል ብሞክር የሚወጣ የለም፣ ለመሳብ ብሞክር የሚገባ የለም። በመስኮቱ ውጭ አውቶቡስ ሲያልፍ ይታየኛል፤ የጎረቤት ሴት ልብስ እያሰጣች ነው። ዓለም ሥራዋን እየሠራች እኔ በሸሚዜ እንደተቆለፍኩ መሞቴ ነው። መትፋት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ግን ሻለቃ ተሰማ ያጎረሱኝን ጠረጴዛቸው ላይ ልትፋ? ወደ ወጥ ቤት ልሩጥ? ሳይፈቀድልኝ ከማዕድ እንዴት ብዬ እነሣለሁ? ስለዚህ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ፈገግ አልኩ።

«ያስባል» አሉ ሻለቃው ለሚስታቸው። «ጥሩ ነው። የዘንድሮ ልጅ ሳያስብ ነው የሚመልሰው።»

ጆሮዬ መጮህ ጀመረ። የጠረጴዛውን ጫፍ ጨብጬ ያዝኩ። ዐይኔ በእንባ ሞላ።

«እንባው መጣ እኮ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ካጎረሱት ስንት ዘመኑ ይሆን? አይዞህ ልጄ። አንድ ጉርሻ ያጣላል።» ሁለተኛውን አነሡ።

ያ ነጭ ነገር በሁለት ጣት ተይዞ ወደ እኔ ሲመጣ እስከ ዛሬ አያለሁ። እንደ ጨረቃ እየተለቀ ይመጣል። ዙሪያው መጥቆር ጀምሯል፤ የሚታየኝ እሱ ብቻ ነው። እኔም፣ አያድርስ ነው፣ አፌን ከፈትኩላቸው።

«ጋሼ፣ ከንፈሩ!» አለች ሰብለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቁርጥራጭ ነው የማውቀው። ወንበር ወደቀ። የሻለቃው ክንድ ሆዴ ላይ ገብቶ ወደ መሬት ደፋኝ። ትከሻዬ መሐል እንደ መዶሻ ይወርድብኝ ጀመር፤ አንዴ፣ እንደገና፣ እንደገና። እግሬ የለም፣ እጄ የለም። እናቴን ልጠራ ፈልጌ ስሟ ጠፋብኝ። ከዚያ የሆነ ነገር ተላቀቀና ሞቺው ዘሎ ወጥቶ የሻለቃው ጫማ ላይ አረፈ። አየር ገባ። ሽሮና ሰም የሚሸት አየር እየጮኸ ገባ።

ቀና ስል ሻለቃ ተሰማ ከፊቴ ተንበርክከዋል። እትዬ አስካለ ውኃ አምጥተው ሰጧቸው፤ እሳቸው ብርጭቆውን ወደ ከንፈሬ አስጠጉልኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አሉ።

«እንዳይቀየሙኝ ብዬ ነው» አልኩ፤ ድምፄ የእኔ አይመስልም።

ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ። «እኔን ይህን ያህል ነው የምትፈራኝ?» ብለው መልስ ሳይጠብቁ ተነሥተው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። እኔ በወጣሁበት ሰዓትም አልወጡም።

ሰብለ እስከ ባቡር ጣቢያው ሸኘችኝ። ነሐሴ ነው፤ ፀሐይ አለ፣ ልጆች ሣሩ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። በየእርምጃው አየር እየሳብኩ አለመቋረጡን ቼክ አደርጋለሁ።

«ብትሞትስ?» አለች ሰብለ።

«አልሞትኩም እኮ።»

«ፈገግ ብለህ ነበር። ዐይኔ እያየ እየሞትክ ፈገግ ብለህ ነበር። እኔ ካንተ ጋር ብኖር፣ ስትታመም በምን ላውቅ ነው? ስትራብ፣ ሲከፋህ፣ በምን ላውቅ ነው?» ቆመች። «ጋሼን አልፈራውም። አንተን ግን ዛሬ ፈራሁህ።»

ልቀልድ ፈለግኩ፤ አልመጣልኝም። «እነግርሻለሁ» አልኳት። «የሚያንቀኝ ነገር ሲኖር እነግርሻለሁ።»

«ማን ይቀየማል ሳትል?»

«ማን ይቀየማል ሳልል።»

ሻለቃው በሳምንቱ በሰብለ በኩል መልእክት ላኩብኝ፤ «ይምጣ፤ ሳይፈራ ይምጣ» የሚል። ሄድኩ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሠርጋችን ላይ ሲያጎርሱኝ ቁራሿ የቡና ፍሬ ታክላለች፤ ካጎረሱኝም በኋላ እስክውጥ ድረስ ማንቁርቴን እያዩ ቆሙ።

ማርታ ወደ ቤቷ ከሄደች በኋላ ይህንን ልጽፍ ተቀመጥኩ። ለማሳቅ ነበር ያሰብኩት፤ እኔ መቼም በራሴ ካልሳቅኩ ቀኑ አይመሽልኝም። መጻፉን ስቀጥል ግን እጄ ቀዘቀዘብኝ። ከፋሲካ ወዲህ ከኬንቲሽ ታውን ጣቢያ ወደ ቤት ያለችውን ዳገት ስወጣ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር እየተቀመጠ ነው። ትንፋሼን ያዝ ያደርግና ይለቀኛል። እኔ ደግሞ ሱቅ መስኮት አጠገብ ቆሜ ዕቃ የማይ እመስላለሁ። በዚህ ሰፈር የሴት ጫማ ዋጋ እንደ እኔ የሚያውቅ ሽማግሌ የለም። ሰብለ ያስቆየህ ምንድን ነው ስትለኝ «ባቡሩ» እላታለሁ። ደህና ነህ ስትለኝ «ደህና ነኝ» እላለሁ። ያውም ፈገግ ብዬ።

ሻለቃውን ፈርቼ ነበር ያኔ ዝም ያልኩት ስል ኖሬያለሁ። አሁን ሻለቃው የሉም፤ የሚቆጣኝ ሰው በዚህ ቤት የለም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፤ ስነግራት ፊቷ ላይ የማየው ነገር ነው። ያን ፊት አንድ ጊዜ፣ ወንበሩ ሲወድቅ፣ አይቼዋለሁ።

እሷ አሁን ወጥ ቤት ናት፤ ሬዲዮው ተከፍቷል። ብዕሩን አስቀመጥኩና «ሰብልዬ» ብዬ ጠራኋት።

«አቤት» አለች። «ምነው?»

ያ የለመድኩት «ደህና ነኝ» ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ለስላሳ ነው፣ ጣፋጭም ነው። ዛሬ ግን አላልኩትም። «ሬዲዮውን ዝጊና አንዴ ነይ» አልኳት፤ ሬዲዮው ዝም አለ፣ የነጠላ ጫማዋ ድምፅ በኮሪደሩ እየቀረበ መጣ።