የእፎይ አሻራ

እናቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ በእሱ የሚጠራት ግን የለም። ከማሳጅ ቤቱ አልጋ የሚነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «እፎይ!» ስለሆነ፣ ስሟ እፎይ ሆኖ ቀረ። ሌላውን እፎይ ስታሰኝ የኖረችው እሷ ግን ከሰሞኑ እፎይታን በዓይኗም አላየችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማሳጅ ባለሙያ ሁሉ የሙያ ፈቃድ ያውጣ ተባለ። እፎይ ተማረች፤ የጽሑፉንም የተግባሩንም ፈተና አለፈች። የቀራት አሻራ መስጠት ብቻ ነበር። «አሻራማ ቀላል ነው» ብላ ፈቃድ ወደሚሰጥበት ቢሮ ሄደች። እዚያ ነው ጉድ የፈላው። አውራ ጣቷን የአሻራ መሣሪያው መስታወት ላይ ብታሳርፍ ቀይ አበራ። ሌባ ጣቷን ሞከረች፤ ቀይ። ያንን ሁሉ ዓመት የሰው ጀርባ ሲፈትግ፣ በዘይት ሲሟሽ፣ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ የኖረ ጣት መስመሩ ጠፍቶ ሙልጭ ብሏል። በጣቷ ለመሥራት ፈቃድ ጠየቀች፤ ጣቷ ስለሠራ ተከለከለች። ይህን እንግዲህ ለማን አቤት ይሉታል?

«እሺ፣ ነገ ሞክሪ እህቴ» አላት መዝጋቢው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ብቻ አፉ «እሺ ነገን» ለምዷል። በነጋታውም ቀይ። «እሺ፣ ሰኞ ነይ።» ሰኞም ቀይ። አበው «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ሲሉ ያንን ቢሮ አላዩትም።

ቤት ስትገባ እናቷ አልጋቸው ላይ ሆነው ይጠብቋታል። ወገባቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ ማታ ማታ ልጃቸው ካላሸቻቸው እንቅልፍ በዓይናቸው አይዞርም። ዘይቱን ባዩ ቁጥር «በይ እሺኝ» ማለት ልማዳቸው ነው።

«ዛሬስ ያ ልጅ ምን አለሽ?»

«እሺ አለኝ።»

«እሺ? እሱንም ወገቡን ያመዋል እንዴ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። አሁን ግን ዘይቱን አንስታ ወገባቸውን ማሸት ያዘች። ጠዋት አለቃዋ ጠርቶ የነገራት ከጆሮዋ አልወጣም። «ጠልቼሽ አይደለም» ነበር ያላት። «ተቆጣጣሪዎቹ ፈቃድ የሌላት ሴት ስታሽ ካገኙ ቤቱን ያሽጉብኛል። ወሩ እስኪያልቅ ወረቀቱ ካልመጣ አልጋሽን ለሌላ እሰጣለሁ።» አልጋዋ ማለት ደንበኞቿ ናቸው፤ ደንበኞቿ ማለት የእሷና የእናቷ እንጀራ ነው። እፎይ ፈራች።

ማክሰኞ ዕለት መዝጋቢው ከወንበሩ ተነሳና ጣቶቿን ወደ መስኮቱ አዙሮ አገላብጦ አየ።

«እህቴ፣ እነዚህን አሳርፊያቸው። እስከ ዓርብ ዘይት እንዳትነኪ፣ ሰውም እንዳታሺ። ቆዳው ይመለስ ይሆናል።»

«ባይመለስስ ወንድሜ?»

«እሺ፣ እናያለን።»

ዓርብ ደግሞ የወሩ መጨረሻ ነው። ከሥራ ፈቃድ ወሰደች፤ ከፈቃድ ወገን የተሳካላት ይኼ ብቻ ነው። እጆቿን እንደ እንቁላል ተንከባከበች። ሰሃን በጓንት አጠበች። ደቂቃ በደቂቃ መስኮት ሥር ቆማ ጣቷን ታያለች፤ መስመር ያየች ይመስላትና መልሳ ትጠራጠራለች። እናትየው ይህን ሁሉ ከአልጋቸው ሆነው ይከታተላሉ።

«እማዬ፣ ወገብሽ እንዴት ነው?» ትላቸዋለች ሲመሽ።

«ዛሬስ ምንም አላለኝ» ይላሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው። «እሺኝ» የምትለዋን ቃል ከአፋቸው አጠፏት። እፎይ ግን አላመነቻቸውም፤ የእናቷን ጀርባ ከፊታቸው ይልቅ ታውቀዋለች።

ሐሙስ ከሰዓት እናትየው የወደቀ ነጠላ ጫማ ለማንሳት ጎንበስ እንዳሉ መቅናት አቃታቸው። የአልጋውን ጠርዝ ጨብጠው ከንፈራቸውን ነክሰዋል። የእፎይ እጅ ሳታዘው ወደ ዘይቱ ሄደ።

«ተዪ!» ብለው ጮኹ። «እንዳትነኪኝ! ነገ ዓርብ ነው!»

እጇ አየር ላይ ቀረ። ዘይቱን ብትነካ ዓርብ ይበላሻል፤ ባትነካ እናቷ እንደጎበጡ ሊያድሩ ነው። ጨነቃት። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ጣቶቿን ጨበጠች፣ ያለ ዘይት ክርኗን ከእናቷ ወገብ ላይ አሳረፈች። በክርን ማሸትን ሥልጠናው ላይ ተምራለች፤ ግን በወፋፍራም ጀርባ እንጂ እንዲህ አጥንቱ ብቻ በቀረ ሰው ላይ ሞክራው አታውቅም። እሰብራቸው ይሆን እያለች፣ ላብ እያጠመቃት፣ ቀስ በቀስ አቃናቻቸው።

«ክርንሽ እንደ አባትሽ ጠባይ ሻካራ ነው» አሉ እናትየው፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

ዓርብ መስታወቱ ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች። ቀይ።

«ላብ ነው። አድርቂና ድገሚ» አላት መዝጋቢው።

ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ዓይኗን ጨፍና መልሳ ጫነች። መሣሪያው ከዚህ በፊት ያልሰማችውን ድምፅ አሰማ።

«እሺ» አለ መዝጋቢው።

እፎይ አልተነቃነቀችም።

«ምን ትጠብቂያለሽ እህቴ?»

«ነገን።»

«ነገ የለም፤ አለቀ እኮ! ወረቀትሽን ከዚያኛው መስኮት ውሰጂ።»

መጀመሪያ ማሳጅ ቤቱ ሄዳ ለአለቃዋ አሳየች፤ ከዚያ እየሮጠች ቤት ገብታ ወረቀቱን እናቷ እጅ ላይ አኖረችው። እናትየው አላነበቡትም። ትራሳቸው ሥር ሸጎጡት፣ እየተጠነቀቁ በሆዳቸው ተኙ፣ ዋጥ አድርገው የሰነበቱትንም ቃል አወጡ።

«በይ አሁን እሺኝ።»