ለቀማው የማያልቅበት ፊልም

ትናንት ከእራት በፊት መብራት ጠፍቶ ከመመገቢያ አዳራሹ ጀርባ ያለው ጀኔሬተር ሲነሳ፣ የናፍጣው ጢስ በመኝታ ክፍላችን መስኮት ገባ። አንቺ አፍንጫሽን ይዘሽ መስኮቱን ልትዘጊ ስትነሺ «ተይው» አልኩሽ። ገርሞሽ አየሽኝ። ያኔ ማስረዳት አልቻልኩም፤ አሁን ልሞክር።

ያ ሽታ ለእኔ የመተማ ክረምት ሽታ ነው። በሠፈራችን አንድ ወፍጮ ቤት ነበር። ጠዋት ማሽላ ይፈጭበታል። ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ከወፍጮው ፈትቶ ወደ ትንሿ ዲናሞ ያዞረውና፣ ከሱዳኗ ገዳሪፍ ያስመጣውን ቴሌቪዥንና ቪዲዮ ያስነሳል። ሰዓት እላፊ ስለነበረ የምናየው ሁልጊዜ በቀን ነው። ዝናብ ጥሎ ጥቁሩ የዋልካ ጭቃ እግር ሲይዝ፣ ሰሊጥ ለማረም ከጎጃምና ከወሎ የመጡት ሠራተኞች ሥራ ይፈታሉ። እርጥብ ልብሳቸውን እንደለበሱ መጥተው በባዶ ከረጢት ላይ ይደረደራሉ። ናፍጣው፣ የዱቄቱ ብናኝና የረጠበው ልብስ አንድ ላይ ይሸታል።

ፊልሙ በሥዕል የተሠራ ተከታታይ ነበር። የጃፓን ሥራ መሆኑን ያወቅሁት እዚህ ዩኒቨርሲቲ ከመጣሁ በኋላ ነው፤ ያኔ በዐረብኛ ስለሚናገሩ ዐረቦች ይመስሉን ነበር። የአንዲት ልጅ አባት ይጠፋል፤ ልጅቱ ትፈልገዋለች። ጥቁር ካፖርት የለበሰ፣ ፊቱ የማይታይ ሰው ደግሞ እሷን ይከተላል። እያንዳንዱ ክፍል የሚያልቀው በር ሊከፈት ሲል ነው። ቀጣዩን ካሴት የሚያመጣልን ከገዳሪፍ የሚመላለስ፣ አማርኛ የለመደ ሱዳናዊ የሎሪ ነጂ ነበር። ጭቃው ከጠናበት ልጅቱን በሩ ፊት አቁመን እንሰነብታለን።

የምትተረጉምልን አክስቴ ነበረች፣ የአባቴ ታናሽ እህት። ከልጅነቷ ጀምራ ድንበሩን እየተሻገረች ገላባት ገበያ ሻይ ስትሸጥ ስለኖረች ዐረብኛ አዋቂ ተብላ ነበር። ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ትቀመጥና፣ የቆርቆሮው ጣሪያ በዝናብ ሲጮህ ከሱ በላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትነግረናለች።

በመጀመሪያው ቀን ሜዳውንም ጣሪያውንም የሸፈነ ነጭ ነገር ታየ።

«እትዬ፣ ይሄ ነጩ ምንድን ነው?» አለ አንድ ጎጃሜ።

«ጥጥ ነዋ! ጥጥ አይተህ አታውቅም?»

ማንም አልተጠራጠረም። በእኛ ቆላ መሬት የሚያነጣ ሌላ ነገር የለም። ጎጃሜውም የሚያውቀው በረዶ እንደ ጠጠር የሚወርደውን እንጂ እንደ ላባ የሚንሳፈፈውን አልነበረም።

«አባትዬው ጥጥ ለቀማ ሄዶ ነው የቀረው» አለች አክስቴ። «ለቀማው ሲያልቅ ይመጣል።»

የአክስቴም ባል ጥጥ ለቀማ ብሎ ሱዳን ከተሻገረ ሁለት መኸር አልፎ ነበር። አባቴ ግን መሞቱን ከሎሪ ነጂዎች ሰምቷል። በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎሕ ሲቀድ የሟች ቤት በር ይንኳኳል። አባቴ ቀኑን እየገፋ መጀመሪያ «ሰሊጡ ይታረም» አለ፤ ቀጥሎ «ሰሊጡ ይታጨድ» አለ። ጎረቤት ሁሉ እያወቀ ያልተነገራት እሷ ብቻ ነበረች። አሁን ሳስበው፣ በዚያ ዓመት አክስቴ ወፍ ሳይንጫጫ ተነስታ በሯን ወለል አድርጋ ትከፍት ነበር። በተከፈተ በር ላይ ማን ያንኳኳል?

ወፍጮ ቤት ውስጥ ግን ጨዋታው ሞቅ ያለ ነበር።

«ወላሂ ይቺ ልጅ ሞኝ ናት!» ይላል አንድ ወሎዬ። «ባለካፖርቱን ዞር ብላ ለምን አታየውም?»

«ዓይኗ ሣህን ሣህን አክሎ!» ይለዋል ጎጃሜው። «አንተ በዚያች ጠባብ ዓይንህ በአረሙ ፈንታ ሰሊጡን ስትነቅል ትውላለህ፣ እሷን ታማለህ?»

አንድ ቀን ሱዳናዊው ነጂ ካሴቱን ሰጥቶ ከመሄድ ይልቅ ሻዩን ይዞ ተቀመጠ። ጥቂት ከሰማ በኋላ ሳቁ አመለጠው።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ጥጥ የለም! በረዶ ነው፣ ከሰማይ የሚወርድ። አባትየው እኮ በመጀመሪያው ካሴት ሞተ። ልጅቱ የምትፈልገው የገደለውን ሰው ነው።»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ነጂው ምን እንዳጠፋ ግራ ገብቶት ብርጭቆውን አስቀመጠ።

አክስቴ ቀስ ብላ ተናገረች። «የገበያውን ዐረብኛ አይደለም የሚናገሩት። የመጽሐፉን ነው። ግማሹ አይገባኝም።»

ወሎዬው ወደ ነጂው ዞረ። «ወንድሜ፣ ካሴቱ ያንተ ነው፤ ፊልሙ የእሷ ነው። እትዬ፣ ቀጥይልን።»

ቀጠለች። ድምፅዋ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ዝቅ አለ።

ፊልሙ ጥሩ ነበር ወይ ትይኝ ይሆናል። በተቻለኝ መጠን ሳላዳላ ልመዝነው። የሰውየውን ፊት እስከ መጨረሻው መደበቁ ብልሃት ነበር። ጥላውና የመንገድ መብራቱ አሳሳላቸው ግሩም ነው። መሐል ላይ ያዘግማል፤ ባለካፖርቱም በተፈለገበት ሁሉ ከተፍ ማለቱ አያሳምንም። ነጂው የነገረን እውነተኛው ታሪክ ከአክስቴ ታሪክ የተሻለ የተቋጠረ ነው፣ ይህን እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ በእሱ ታሪክ የምንጓጓው ገዳዩን ለማወቅ ነው። በአክስቴ ታሪክ በር በተንኳኳ ቁጥር እስትንፋሳችንን የምንይዘው አባትየው ይመለስ እንደሆን ነበር።

የመጨረሻው ካሴት የደረሰው ዝናቡ አባርቶ ሰሊጡ ቢጫ መሆን ሲጀምር ነው። ቆርቆሮው ጸጥ ብሏል። ባለካፖርቱ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለካ የአባትየው ጓደኛ ኖሯል፣ ከሩቅ ሲጠብቃት የነበረ። እጇን ይዞ ወደ ነጩ ሜዳ ወሰዳት። ከሜዳው መሐል አንዲት ድንጋይ ቆማለች። ልጅቱ ተንበረከከችና በእጇ ነጩን ጠራርጋ አንድ ነገር ተናገረች።

በሩ ላይ የቆመው ነጂ አፉን ከፈት አደረገና መልሶ ዘጋው።

«እትዬ፣ ምን አለች?» አለ ጎጃሜው በለሆሳስ።

አክስቴ ድንጋይዋን ትክ ብላ እያየች መለሰች።

«ለቀማው አልቋል አለች።»

ባለቤቱ ሞተሩን አጠፋ። የዚያን ቀን ማንም አልተከራከረም። ወሎዬው ለመውጣት ሲነሳ በርጩማዋን አነሳላት።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የእኛ በር ተንኳኳ። አባቴ ኩራዝ ይዞ ሲከፍት እኔም ከኋላው ነበርኩ። አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ብቻዋን ቆማለች። በመንደሩ ሥርዓት የሚያንኳኳው እሱ፣ የምትከፍተው እሷ መሆን ነበረባት።

«ጋሼ» አለችው፣ «ሰሊጡን አትጠብቅ። ንገረኝ።»

ኩራዙን ከአባቴ እጅ ተቀብላ፣ ክንዱን ይዛ ወደ ውስጥ ያስገባችው እሷ ናት።