የሙሴ አወዳደቅ

በሥራዬ እኮራለሁ፤ ኩራቴንም አልደብቅም። ሲያትል ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት በተንከባከብኩባቸው ዓመታት ከእጄ ላይ ሰው ወድቆ አያውቅም ነበር። ከአልጋ ሳነሳ፣ ገላ ሳጥብ፣ ደረጃ ሳወርድ ክንዴ ከሐሳቤ ቀድሞ ይደርሳል። አብረውኝ የሚሠሩ ሴቶች «አንቺ ሰው ሳትሆኚ ግድግዳ ነሽ» ሲሉኝ አልከራከራቸውም። እንዲህ ያለችውን ሴት ነው እንግዲህ ጌታ ዕድሜ ልካቸውን በመውደቅ እንጀራቸውን ከበሉ ሰው ጋር ያገናኛት።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መካከል ነው። የቀጠረኝ ኤጀንሲ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር ወዳለ አንድ አፓርታማ ላከኝ። ሽማግሌው ፈረንሳዊ ናቸው፤ ስትሮክ መትቷቸው ግራ እግራቸው ሰንፏል። ስማቸው ምላሴ ላይ አልዞር ስላለኝ ከመጀመሪያው ቀን «ሙሴ» አልኳቸው፤ አገር ቤት ፈረንሳዊውን ሁሉ የምንጠራው እንዲያ ነው። ወደዱት። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነበር። የሳቸው በአፍንጫ ይወጣል፣ የኔው በጉሮሮ፤ ግን ተግባብተናል።

ሙሴ የፊልም ተዋናይ ነበሩ። ዋናው ተዋናይ ግን አልነበሩም። «ዋናው ሰውዬ ፍቅረኛውን እየጠበቀ መጠጥ ሲያዝ፣ መጠጡን የሚያመጣው እኔ ነኝ» ይሉ ነበር። አስተናጋጅ ሆነዋል፤ ፖሊስ፣ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ፣ የመንደር ቄስ፣ ሚስቱ የምታደርገው የማይገባው ባል ሆነዋል። ፊልም ላይ ሴት ስመው አያውቁም። ሞተውም አያውቁም። «እንደ እኔ ላለው መሞቻ ጊዜ አይሰጠውም። ዋናው ሰው ተረጋግቶ እንዲሞት እኔ ሳህኑን አንስቼ መውጣት አለብኝ» አሉኝ አንድ ቀን፣ ፂማቸውን ስላጫቸው።

የተወለዱት አንድ የወደብ ከተማ ውስጥ ነው። በወጣትነታቸው ቴአትር ቤት ወንበር አመላላሽ ሆነው ተቀጠሩ። አንድ ቀን መጋረጃው የተዘጋ መስሏቸው ወንበር ተሸክመው ሲገቡ ተደናቀፉና በሕዝብ ፊት ተዘረጉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ተባረርኩ ብለው ሲንቀጠቀጡ አለቃቸው መጣና «ነገም እንደዚሁ ውደቅ» አላቸው። ነገም ወደቁ። ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል መውደቅ ሥራቸው ሆነ። አገራቸው ላይ ፊታቸውን የማያውቅ የለም፤ ስማቸውን የሚያስታውስም የለም። «ያ ትሪ ይዞ የሚወድቀው ሰውዬ!» እያለ የሚያገኛቸው ሁሉ ያቅፋቸዋል፤ ዳቦ ቤት ወረፋ አያስጠብቃቸውም። አሜሪካዊት አግብተው ነበርና በስተርጅና በሚስታቸው አገር ልኑር ብለው ሲያትል መጡ። ሚስትየው ሞተች፤ አንዲት ትልቅ ሴት ልጅ ቀረቻቸው። እዚህ ዝናብ ውስጥ ቆመው አውቶቡስ ሲጠብቁ ማን ይወቃቸው?

እዚያው ሰፈር ያለ አንድ ትንሽ ሲኒማ ቤት ግን አወቃቸው። ወጣቶቹ መጥተው፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ፊልማቸውን እንደሚያሳዩ፣ ከፊልሙ በፊት ሙሴ ራሳቸው መድረክ ላይ ወጥተው ያቺን የትሪ ጨዋታ ቢያሳዩ እንደሚወዱ ነገሯቸው። ጨዋታዋ አጭር ናት። አስተናጋጁ አንድ ብርጭቆ ውኃ በትሪ ይዞ ይመጣል፣ ይደናቀፋል፣ ይንገዳገዳል፣ ይዞራል፣ በመጨረሻ ቂጡ መሬት ላይ ያርፋል። ትሪው ግን ከራሱ በላይ ቀጥ እንዳለ ነው። ከብርጭቆው ጠብታ አይፈስም።

ልጃቸው ወሬውን እንደሰማች እኔን ኮል አደረገችኝ። «አባቴ ከወደቀ ዳሌው ይሰበራል። አንቺ ይችላል ካልሽ ግን እሺ እላለሁ» አለችና ነገሩን በሙሉ ትከሻዬ ላይ ጥላው ስልኩን ዘጋች። ሙሴ ደግሞ ሌላ ሸክም ጨመሩልኝ። «አንዴ፣ ከመሞቴ በፊት አንዴ ብቻ፣ የሞላ አዳራሽ ማሳቅ እፈልጋለሁ» አሉኝ። «ችሎታዬ አሁንም ይኑር አይኑር ግን አላውቅም። አንቺ ከሳቅሽ እወጣለሁ። ካልሳቅሽ እቀራለሁ።»

ፍራሽ አውርደን ሳሎን ውስጥ ዘረጋን። ሙሴ ትሪያቸውን ይዘው ከኩሽና መጡ፣ ተደናቀፉ። «እኔን!» ብዬ ዘልዬ ያዝኳቸው። እንደገና መጡ፤ እንደገና «እኔን!» ብዬ ያዝኳቸው። ምን ላድርግ? እኛ ዘንድ ሰው ሲደናቀፍ አይሳቅም። «እኔን!» ይባላል፤ ባንተ ፈንታ እኔን ያድርገኝ ነው ነገሩ። ለአፍ ለራሱ ሳይታወቀው ይወጣል። የወደቀው ሽማግሌ ሲሆንማ የሚስቅ ሰው አሳዳጊ የበደለው ይባላል። በዚያ ላይ የሳቸው እንጀራ መውደቅ፣ የኔ እንጀራ አለማስወደቅ። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ፍራሹን ሳይነኩ ቀሩ።

«ሁለት ነገር እየገደለኝ ነው» አሉ በመጨረሻ ትሪውን ሶፋው ላይ ወርውረው። «አንዱ እግሬ ነው። ሁለተኛው አንቺ ነሽ።»

ደረቅነቱ የኔ ብቻ መሰለኝ። እሑድ መኪናዬ ውስጥ አስገብቼ ፌደራል ዌይ ወደሚባል ከተማ ወሰድኳቸው። እዚያ አንድ አፓርታማ ውስጥ ተሰብስበን የምንዘምር፣ የምንጸልይ አበሾች ነበርን፤ ከጸሎት በኋላ ምሳ ይበላል፣ ይሳቃል፣ ይቀለዳል። የቤቱ ባለቤት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ሰው ናቸው።

«ሶ፣ እኒህ እንግዳ ምን ሊያሳዩን ነው?» አሉኝ።

«ኮሜዲ ነው ጋሼ። ዝም ብላችሁ ሳቁ።»

«ኦኬ፣ እንስቃለን! ለመሳቅማ ማን ብሎን?»

ሙሴ ትሪያቸውን ይዘው ከኩሽናው ብቅ አሉ፤ ሦስት እርምጃ ሄደው ተደናቀፉ። «እኔን!» አለች አንዷ። «እኔን ይድፋኝ!» አለች ሌላዋ። «በኢየሱስ ስም!» የሚል ድምፅ ከጥግ ተነሳ። ሰባት ስምንት ሰው ተንጋግቶ፣ ሙሴ ወለሉን ሳይነኩ በአየር ላይ ተቀበላቸው። ሶፋ ላይ አስቀመጧቸው፤ ጋሼ እጃቸውን ጫኑባቸውና ቤቱ በሙሉ ስለ እግራቸው ይጸልይ ጀመር። የኛ ጸሎት ደግሞ አጭር አይደለም። ሙሴ ዓይናቸውን በጨዋ ደንብ ጨፍነው፣ ትሪውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስኪያልቅ ጠበቁ።

የተናገሩት ስንመለስ አይ-ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ ነው። «ተሰድቤ አውቃለሁ። ቲማቲም ተወርውሮብኝ ያውቃል። ተጸልዮልኝ ግን አያውቅም። በቃ፣ አልወጣም። ለልጄ ንገሪያት።»

ተናደድኩ። እውነቱን ልናገር፣ እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ ቀረሁ ሲሉ ዳሌያቸውም የኔም ስም ተረፈ ማለት ነው። ግን አንጀቴን በሉት። ትሪውን እንደ ሕፃን ታቅፈው መስኮት መስኮቱን ያያሉ።

«ሙሴ፣ እነዚያ ሰዎች ሥራዎን አልናቁም» አልኳቸው። «አመኑዎት እንጂ። እውነት ወደቁ ብለው አመኑ።»

ከመስኮቱ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አይተው ነው ያመኑት?»

«የታመመ እግር» አልኳቸው። ዋሽቼ ምን ሊረባኝ?

«እኔም እሱን ነዋ የማየው!» ብለው በትሪው የመኪናዬን ዳሽቦርድ መቱት። «እግሬን እያየሁ ነው የምወድቀው! ድሮ ብርጭቆውን ነበር የማየው!»

በማግስቱ ጠዋት ስደርስ ለብሰው ጠበቁኝ። «ሰው በወደቀ ሰው አይስቅም» አሉኝ። «ራሱን ረስቶ ለማይረባ ነገር በሚሳሳ ሰው ነው የሚስቀው።» ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞሉት። ከኩሽናው ወጡ፤ ያየሁት አስተናጋጅ ሌላ ሰው ነው። ከብርጭቆው ዓይኑን አይነቅልም፤ ያባብለዋል፣ ይለምነዋል፣ እግሩ የት እንዳለ ረስቶታል። ተደናቀፉ። እኔም ዘለልኩ። ዘልዬ የያዝኩት ግን ሙሴን አይደለም። ብርጭቆውን ነው! ሽማግሌው ፍራሹ ላይ ተዘርግተዋል፣ እኔ አንድ ብርጭቆ ውኃ አቅፌ ቆሜያለሁ። ሰው እንድይዝ ተቀጥሬ ውኃ ያዝኩ። ሳቄ ሆዴን ይዞኝ ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ፤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ሙሴ ከወደቁበት ሳይነሱ ያዩኝ ነበር። እንዲህ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም።

ልጃቸውን ኮል አድርጌ «ይችላል» አልኳት።

የቀጠሮው ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። የአስተናጋጅ ጥቁር ኮታቸውን ተኩሼ አልብሻቸዋለሁ። መድረኩ መሐል፣ የሚወድቁበት ቦታ ላይ፣ ወፍራም ምንጣፍ አስነጥፌያለሁ። እኔና ልጃቸው ፊት ረድፍ ተቀመጥን። ሙሴ ወጡ፤ ገና ብርጭቆውን ሲያባብሉ ሳቁ ተጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ። ምንጣፉ ጋ ሊደርሱ ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ግራ እግራቸው ከዳቸው። ወደቁ። ብርጭቆው ተሰበረ።

አዳራሹ በጩኸትና በሳቅ ተናጋ። ብርጭቆው መሰበር እንዳልነበረበት ሕዝቡ አላወቀም፤ እኔና ልጃቸው ግን እናውቃለን። ሙሴ ስባሪውን አዩት፤ ሕዝቡን አዩት፤ ከክንዳቸው ላይ ፎጣቸውን አንስተው በታላቅ ክብር ወለሉን ይወለውሉ ጀመር። ሳቁ በረታ። ግን ቀኝ እጃቸው በስተኋላ መደገፊያ እየፈለገ ነበር። መነሳት አልቻሉም።

ልጃቸው ክንዴን ጨመደደችኝ። «ሂጂ! አንሺው!»

ሮጬ ብወጣ ሁሉም የታመመ ሽማግሌና ነርሱን ያያል፤ ሳቁ እዚያው ይሞታል፤ ሙሴም አብረው። ባልወጣ ወለል ላይ ይቀራሉ። ብዙ አላሰብኩም። ተነሳሁ፣ አልሮጥኩም። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ብርጭቆ የተሰበረባት የሆቴል ባለቤት ሆኜ፣ ቀስ እያልኩ ደረጃውን ወጣሁ። ከዚያ በአማርኛ ወረድኩባቸው።

«አንተ ሰውዬ! አሁንስ በዛ! ዓይንህን የት ጥለኸው ነው? አንድ ብርጭቆ ይዞ መምጣት ያቅትሃል? ትሰማኛለህ?»

አንድ ቃል የገባው ሰው አልነበረም፤ ሳቁ ግን ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። ሽማግሌ አንተ ብዬ አላውቅም፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። እየተሳደብኩ ጎንበስ ብዬ ዳሌያቸውን ዳበስኩ፣ ጉልበታቸውን አጠፍኩ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን ነካሁ። አልተሰበረም። በብብታቸው ሥር ክንዴን አስገብቼ ማንሳት ስጀምር ጆሮዬ ሥር አንሾካሾኩ።

«ቀስ በይ። ገና እየሳቁ ነው።»

ግማሽ መንገድ ካነሳኋቸው በኋላ መልሼ አስቀመጥኳቸው። ጣቴን እየነቀነቅሁ እንደገና ሰደብኳቸው። «እንደገና» ሲሉኝ፣ ለሁለተኛ ጊዜ አስቀመጥኳቸው። ሦስተኛው ላይ «አሁን» አሉኝ፤ ቀጥ አድርጌ አቆምኳቸው። ሕዝቡ ተነስቶ ያጨበጭባል። ሙሴ በኔ ክንድ ተደግፈው ጎንበስ አሉ፤ ላባቸው ኮታቸውን አልፎ እጄን አራሰው፤ ልባቸው ሲመታ ይሰማኛል። እኔም አብሬ ጎንበስ አልኩ፤ አፍሬ ቀጥ ብዬ ብቀር እሳቸውን ያስጥለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ኤጀንሲው ቢሮ ሄጄ ፎርም ጠየቅሁ፤ ሰው ሲወድቅ የሚሞላ ነው። ቀኑን ጻፍኩ፤ ቀኝ ዳሌያቸው መበለዙን፣ ሐኪም አይቷቸው ደኅና ናቸው ማለቱን ጻፍኩ። ቀጥሎ «ደንበኛው ሲወድቅ ምን ያደርግ ነበር?» ይላል፤ ከሥሩ ምርጫዎች ተደርድረዋል። ከአልጋ መነሳት፣ ገላ መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ መራመድ። አንዱም አልሆነኝም። ከታች ባለው ባዶ መስመር ላይ «ሥራ ላይ ነበሩ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።