የጳውሎስ ወንበር

ብረት በመፍጫ ሲቆረጥ የሚወጣው የተቃጠለ ሽታ የትም ቢያገኘኝ ወዲያው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ያደርገኛል። በቀደም ጆሃንስበርግ፣ ዮቪል ሰፈር ከምኖርበት ፎቅ ሥር አንድ ሰው የበር ፍርግርግ ቆርጦ ሲበይድ ደረጃው ላይ ደርቄ ቀረሁ። ጎረቤቴ ያመመኝ መስሏት ውሃ ላምጣልሽ ወይ አለችኝ። እኔ ግን ኦሬንጅ ፋርም፣ ከአባቴ ሱቅ ጀርባ ካለችው ግቢ ደርሼ ነበር። አፌ በጨርቅ ማስክ ታፍኗል፣ እጄ በሳኒታይዘር ተላልጧል፣ አባቴ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ "ምህሬ፣ አሥራ ሦስት ቁልፍ" ይለኛል።

በዚያ የኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ልጅ የነበራችሁ መቼም አትረሱትም። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ጨዋታ በአጥር ቀዳዳ ሆነ፣ በሰፈራችን አቧራማ መንገድ ወታደር ጠመንጃ አንግቶ ያልፍ ነበር። የሌላው ሰው አባት ቤት ሲዘጋበት ፊልም አየ፣ የኔ አባት መኪና ሠራ። መኪና ስላችሁ ሰው የሚገዛውን ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ጣሪያ የላትም፣ በር የላትም፣ ሞተሯ ያለ ኮፈን ፊት ለፊት አፍጥጦ ይታያል፣ ጎማዎቿ ከአካሏ ውጭ ቀርተዋል፣ የምትይዘውም ሁለት ሰው ብቻ ነው። እናቴ መጀመሪያ ያየቻት ቀን ወገቧን ይዛ ዞረቻትና "ይቺን ደግሞ ማን ገፈፋት?" አለች።

ነገሩ የተጀመረው አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ ነው። አባቴና ታናሽ ወንድሙ ጳውሎስ በልጅነታቸው አንድ ጋራዥ ውስጥ አብረው ይሠሩ ነበር። ግድግዳው ላይ ከውጭ አገር ካላንደር የተቀደደ ሥዕል ተለጥፏል፤ ከጥንት መኪና አካል የተሠራች፣ እንዲሁ የተገፈፈች መኪና። አንድ ቀን እንዲህ ያለች እንሠራለን ተባባሉ። ከዚያ ሁለቱም ደቡብ አፍሪካ መጡና አባቴ ኦሬንጅ ፋርም፣ ጳውሎስ ደግሞ ከከተማዋ ማዶ፣ ዲፕስሉት፣ ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቅ ከፈቱ። ቁልፍ የለመደ እጅ በፍርግርግ ቀዳዳ ዳቦና ስኳር ሲያቀብል ዋለ። ደንበኛው ሁሉ ስማቸውን ትቶ "ማይ ፍሬንድ" ይላቸዋል። ሥዕሏን ግን አልረሷትም። አባቴ እንቁላል ሊያመጣ ከከተማ ወጣ ያለ እርሻ ሄዶ፣ ዶሮዎች የሚያድሩባት የዛገች የጥንት መኪና አካል አየ። ባለ እርሻው ማንሳት ከቻልክ ውሰዳት አለው። ሻንሲው እዚህ ባኪ ከሚሉት የተገለበጠ ፒክአፕ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ከተጋጨ ታክሲ፣ መሪው ደግሞ ከትራክተር መጣ።

ለቀማው የጳውሎስ ሥራ ነበር። ለሱቁ ዕቃ የሚያመጣበት ፈቃድ ስለነበረው መንገድ ሲዘጋም እሱ ያልፋል። የወዳደቀ ብረት የሚሸጥበትን ግቢ ሁሉ ያስሳል፣ ያገኘውን ጭኖ ይመጣና በራችን ላይ አስቀምጦ ከአጥሩ ውጭ ይቆማል። ሰላምታው በክርን ነው። ረጅም ሰው ስለነበር ከአጥሩ በላይ ጭንቅላቱ ሙሉ ይታያል። ከአባቴ ጋር በሀዲይኛ ሲያወሩ ግማሹን ብቻ እሰማለሁ፤ ሲሳሳቁ ግን ትርጉም አያሻኝም ነበር። የኔ ድርሻ የመጣውን ብረት ሁሉ ሳኒታይዘር መርጨት ነው። ከኔ ዕድሜ በላይ የዛገ ራዲያተር ሳሽ ጳውሎስ አጥሩን ተደግፎ "በደንብ አጥቢው ምህሬ፣ መንገድ ላይ ሲያስል ሰምቼዋለሁ" ይለኛል።

የጆሃንስበርግ ብርድ ሲገባ በሽታው አባቴን ያዘው። አጥሩ ጥግ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ተለይቶ ተኛ። ደም ግፊት ስለነበረበት እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ሳሉን ስታዳምጥ ታድር ነበር። ጳውሎስ ሎሚና ዝንጅብል ያመጣና ከአጥሩ ማዶ፣ ከቆርቆሮው ግድግዳ አጠገብ ቆሞ፣ ጮክ ብሎ ስለ መኪናዋ ያወራለታል። አባቴ መመለስ ሲያቅተው ግድግዳውን በጣቱ ይመታል። የመጨረሻ ወሬያቸው የፊት መብራት ነበር። ክብ፣ የጥንት፣ ልክ እንደ ሥዕሉ ያሉ ሁለት መብራቶች አግኝቻለሁ፣ ስትነሳ አብረን እንገጥማቸዋለን አለው። ከዚያ ወዲያ አልመጣም።

ጳውሎስንም በሽታው ያዘው፤ ሆስፒታል ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። የደወሉት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ሎምበሶ ናቸው። እናቴ ስልኩን እንደያዘች የወጥ ቤት ፎጣ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች፤ አባቴ ይሰማታላ። ከኛ ሰው መካከል ያደገ ያውቃል፣ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። በስልክ አይነገርም፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፣ ለታመመማ ማን ይደፍራል? ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ፤ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ በዙሪያው ይኖራል። ደግ ልማድ ነው፣ ዛሬም ደግ ነው እላለሁ። ያኔ ግን መሰብሰብ ክልክል፣ መያያዝ ክልክል ነበር። ጋሽ ሎምበሶ "ትንፋሹ ይመለስለት፣ እኛም እንሰብሰብ፣ እስከዚያ ይቆይ" ብለው ወሰኑ። እኛ ዘንድ እዚህ የሞተ ሰው አስከሬኑ ወደ አገር ይላካል፤ ያን ጊዜ አውሮፕላን ቆሞ ስለነበር ጳውሎስን እዚያው ጥቂት ሰዎች ቀበሩት። ታላቅ ወንድሙ ቆርቆሮው ውስጥ ተኝቶ መብራቶቹን ይጠብቅ ነበር።

አባቴ ለጳውሎስ ሲደውል ስልኩ አልሠራ ሲለው እናቴ ሌቦች ቀምተውታል አለችው። ዲፕስሉት ነውና አመነ፤ እዚያ ስልኩን ያልተቀማ ሱቀኛ የለም። ደህና ነው ወይ ሲላት፣ ደህና ነው፣ እሱም ለጥንቃቄ ተለይቶ ተቀምጧል አለችው። ለኔም ትንፍሽ እንዳልል ተነገረኝ። ቀኑን ሙሉ ከአባቴ ጋር የምውለው እኔ ነኝ፣ ስለ ጳውሎስ የሚያወራውም ለኔ ነው። አሁንም ሳስበው እናደዳለሁ። ትልልቆቹ መሸከም ያቃታቸውን ነገር ለልጅ ሰጥተው ቤታቸው ተቀመጡ።

አባቴ ቀስ እያለ ዳነ፤ ያዳነችውም መኪናዋ ናት እላለሁ። መጀመሪያ አንድ ብሎን አጥብቆ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ያርፍ ነበር። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይለኛል ትንፋሹን እየሰበሰበ። ሰንብቶ ፍሬኑን ገጠመ፣ ካንዴላውን ቀየረ፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታውን በየደ። ሽማግሌዎቹ ግን ዛሬ አንዱ ሲታመም ነገ ሌላው ተለይቶ ሲቀመጥ፣ መርዶው ከሳምንት ወደ ሳምንት ተላለፈ። በቆየ ቁጥር ደግሞ መናገሩ ይብስ ከበደ። ማን ደፍሮ እስካሁን ደብቀንህ ነበር ይበለው?

አንድ ቀን ከታክሲ የተነቀለውን የተሳፋሪ ወንበር ሲገጥም ልኩን ልይ ብዬ ወጥቼ ተቀመጥኩ። እግሬ ወለሉን አልነካም። አባቴ ሳቀና ወንበሩን ጭራሽ ወደ ኋላ ሳበው።

"ተነሽ፣ ያንቺ አይደለም። ይሄ ለረጅም ሰው ነው" አለኝ።

የጳውሎስን ጉልበት በዓይነ ሕሊናው እያየ በእጁ ስንዝር ለካ፣ ምልክት አደረገ፣ ወለሉን በሳ። እኔ ሳኒታይዘር የማመጣ መስዬ ከሱቁ ጀርባ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ሞተሩ የተነሳ ዕለት የጎረቤት ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠለጠሉ። ጭሱ ግቢውን ሞላው፣ አባቴ በጥቁር እጁ ፊቱን ጠረገና "እሑድ ዲፕስሉት እንሄዳለን" አለ። መብራቶቹን እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ እገጥማቸዋለሁ፣ ጳውሎስን አስቀምጬ ሰፈሩን አንድ ዙር እነዳዋለሁ አለ። እናቴ ወደ ቤት ገብታ ለጋሽ ሎምበሶ ደወለች።

እሑድ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር፤ ሰፈሩ የከሰል ጭስ ይሸታል። አባቴ ማልዶ ሞተሩን አስነስቶ ራዲያተሩ ላይ ውሃ ይጨምራል። በሩ ተከፈተና ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ ማስክ አድርገው፣ ብርድ ልብስ ደርበው፣ አንዱ ከሌላው ርቆ። ጋሽ ሎምበሶ ካርቶን ይዘዋል። ከካርቶኑ አፍ የክብ መብራት መስታወት ይታይ ነበር። አባቴ እነሱን አየ፣ ካርቶኑን አየ። ውሃ ማፍሰሱን ግን አላቆመም፤ ራዲያተሩ ሞልቶ በጫማው ላይ ፈሰሰ።

"ቀበራችሁት?" አለ።

"ወንድም ታደሰ፣ አንተ ታመህ ስለነበር..." ብለው ጋሽ ሎምበሶ ጀመሩ።

"ታምሜ ነበር እንጂ ሞቼ አልነበረም።"

ጋሽ ሎምበሶ ጸሎት ጀመሩ፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ማስኩ ድምፃቸውን ያፍነዋል፣ የሚሉት እንዲሰማ መጮህ ነበረባቸው። ሞተሩን ላጥፋው ያለ የለም። ሊይዙት የመጡት ሰዎች ተራርቀው እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። አንዱ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። አባቴ ባልዲውን አስቀምጦ ሄደና ለወንድሙ በለካው ወንበር ላይ ተቀመጠ። አላለቀሰም። ቤንዚኑ አልቆ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ከዚያ አልተነሳም።

መኪናዋ ከግቢ ወጥታ አታውቅም። መብራቶቹ እስከ ዛሬ በካርቶናቸው አልጋ ሥር አሉ። ከጋሽ ሎምበሶ ጋር አልተጣሉም፤ ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ በክፉ አላሰቡትም ይላል አባቴ። ግን ጳውሎስን አላለቀሰውም። ሰው ሁሉ ካለቀሰና እንባውን ካደረቀ በኋላ ብቻውን ማልቀስ አልሆነለትም። አሁን የጎረቤት ዶሮዎች እንደ ድሮው መኪናዋ ላይ ያድራሉ፣ እሱም አያባርራቸውም።

ያ ዘመን አልፎ ዛሬ ሰው ያለ ስጋት ይተቃቀፋል፣ ማስኩን እንደ ቀልድ የሚያወራም አለ። እኔም አድጌ የራሴን እንጀራ እበላለሁ፤ ስልክ ተደውሎ አደራ የሚባለው አሁን ለኔ ነው። ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ከሆሳዕና ደወለ። እናቱ፣ የአባቴ ታላቅ እህት እቴቴ ዓለሚቱ፣ በዚያኑ ጠዋት አርፈዋል። እያለቀሰ "አደራሽን፣ ሽማግሌዎች ሳይመጡ ለአባትሽ እንዳትነግሪው" አለኝ። እሺ አላልኩትም። ከሥራ ወጥቼ ታክሲ ያዝኩ። እስከ ኦሬንጅ ፋርም ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ መንገዱን ሙሉ እንዴት ብዬ እንደምጀምር ሳስብ ሄድኩ።

ቀትር ላይ ደረስኩ። አባቴ ለአንዲት ሴትዮ ዳቦ በፍርግርጉ እያቀበለ ነበር። እስክትሄድ ጠብቄ ወደ ውስጥ ገባሁ።

"አባዬ፣ እቴቴ ዓለሚቱ ዛሬ ጠዋት አረፉ" አልኩት።

ፊቴን አየ፣ ከኋላዬም ሰው አለ እንደሆን በሩን አየ። ማንም አልነበረም።

"ተቀበረች?"

"ገና ነው አባዬ። ነገ ነው።"

"ተመስገን" አለ። የሱቁን መስኮት ዘጋና የዱቄት ጆንያው ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ተቀምጬ ትከሻውን ያዝኩት። እህቱን ሊያለቅስ አፉን ሲከፍት መጀመሪያ የወጣው የጳውሎስ ስም ነበር።