ባቱሎና የጀልባው ፊልም

ባቱሎ ልብስ ሰፊ ነበረች። ጅጅጋ ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ልጁን የሚድር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው። ጨርቁን በጣቶቿ ዳበስ አድርጋ ይበቃል አይበቃም ትላለች፤ አልፋ ተርፋም ሙሽሮቹ ይመጣጠኑ እንደሆነና እንዳልሆነ ትፈርዳለች። ይህን የሚጠላባት አልነበረም። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ታናሽ እህቷን ዴቃን በመርፌ ያሳደገች ሴት ስለሆነች ቃሏ ይከበር ነበር።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ በሀርጌሳ በኩል የቪዲዮ ማጫወቻ እንደ ልብ ሲገባ፣ ባቱሎም አንድ ገዝታ የጓሮ ክፍሏን ለሴቶች ከፈተች። ወንዶቹ ጫታቸውን ይዘው በየራሳቸው ቪዲዮ ቤት ይውላሉ። ሴቶቹ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ልጆቻቸውን አዝለው ባቱሎ ዘንድ ይመጡና ምንጣፉ ላይ ተጠጋግተው የህንድ ፊልም ያያሉ። ባቱሎ ሂንዲውን በማየት ብዛት ለምዳዋለች። ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጣ ተዋናዮቹ የሚሉትን በሶማልኛ፣ ቀጥላም ለሁለቱ ደገኛ ሴቶች በአማርኛ ትናገራለች። ከሁለቱ አንደኛዋ ብርቄ፣ የወታደር ሚስት፣ እዚያው ግቢ ተከራይታ የምትኖር ናት። ሌላዋ አትጠገብ የምትባል የእንግሊዝኛ መምህርት ነበረች።

ከፊልሞቹ ሁሉ ሴቶቹ አንዱን አልጠግብ አሉ። ጥቁርና ነጭ፣ ድሮ የተሠራ ነው። ስሙን መያዝ ስላቃታቸው «የጀልባው ፊልም» አሉት። ወላጆቻቸውን ጎርፍ የወሰደባቸው ሁለት እህትማማቾች ወንዝ ዳር ይኖራሉ። ታላቋ ሳታገባ ታናሿን ታሳድጋለች። ታናሿ ሰው ከማዶ ወደ ማዶ የሚያሻግር ድኻ ባለጀልባ ትወዳለች። ታላቋ ይህን ስትሰማ ባለጀልባውን ጠርታ ከመንደሩ እንዲሄድ ታደርገዋለች፤ እህቷን ለባለመሬት ትድራለች። መጨረሻ ላይ ነጭ ልብሷን ለብሳ ወንዙ ዳር ቆማ ባዶውን ውኃ ታያለች፤ ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል።

ክርክሩ የሚጀምረው ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ነው። አንዷ ታላቂቱን ምቀኛ ትላታለች፤ «ራሷ ባል ስላጣች ነው።» ሌላዋ ጥፋቱን በባለጀልባው ላይ ትጥላለች፤ «ወንድ ልጅ ሂድ ስለተባለ ይሄዳል?» ብርቄ ደግሞ ሁልጊዜ ለባለመሬቱ ታዝን ነበር፤ «እሱን ማን ጠየቀው? የማትወደውን ሴት ቤቱ አስገቡበት» ትላለች።

አንድ ሐሙስ አትጠገብ አዲስ ነገር ይዛ መጣች። ፊልሙ ከመጽሐፍ የተወሰደ ነው፤ መጽሐፉንም ኮሌጅ ሳለች አንብባዋለች።

«መጨረሻው እንዲህ አይደለም» አለች። «በመጽሐፉ ታላቂቱ ትጸጸታለች። ባለጀልባውን ልትመልሰው ከከተማ ከተማ ስትፈልገው የሚተርክ ረጅም ምዕራፍ አለ። ስታገኘው ግን ጊዜው አልፏል። ፊልሙ ያንን ቆርጦ ጣለው። ቢቆርጠው ነው እንግዲህ ሴትየዋ ድንጋይ የመሰለችው።»

ባቱሎ የሻይ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች ነበር።

«ፊልሙ ይሻላል» አለች። «መጽሐፉ ሴትየዋን አሞኝቷታል። አስባበት ያደረገችውን ነገር ለምን ከከተማ ከተማ እየዞረች ታፈርሰዋለች?»

ሴቶቹ ሳቁ። በዚህ መሀል እንደወትሮው ዝም ብላ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ዴቃ ቀና አለች።

«አባዮ» አለቻት፤ እህትዋን ሁልጊዜ የምትጠራት እንዲህ፣ በሶማልኛ «እህቴ» እያለች ነው። «አንቺ ብትሆኚስ? ልጁ ድኻ ቢሆንም መልካም ሰው ቢሆንስ?»

«እኔም አባርረው ነበር» አለች ባቱሎ። «በመልካምነት ድስት አይጣድም። ልጅቷም ዛሬ ብታለቅስ ነገ ታመሰግነኛለች።»

ባቱሎ ይህን ስትል ደስ ብሏት ነበር። ነገር ሲያምርላት ታውቀዋለች። ሴቶቹ አንዳንዶቹ አጨበጨቡ፤ አንዳንዶቹ «እንዴት ጨካኝ ነሽ» አሏት። ዴቃ ተነሥታ ምንጣፉን ማራገፍ ጀመረች። አትጠገብ የምዕራፉን ነገር ልትቀጥል ስትል ፀሐይ አዘቀዘቀችና ሁሉም ወደየቤቱ ተበተነ።

ዓመት ሳይሞላ ዐብዲኑር የሚባል፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ያለችው የደወሌ ከተማ ነጋዴ፣ በዚያው ጉምሩክ በኩል ከጅቡቲ ጨርቅ ሲያስገባ ከባቱሎ ጋር ተዋወቀ። ዕድሜው ከፍ ያለ፣ ረጋ ያለ፣ ሶላቱን የማያጓድል ሰው ነው። ዴቃን ጠየቀ። ባቱሎ ለእህቷ ስትነግራት ዴቃ «አንቺ ያልሽው ይሁን» አለቻት። ባቱሎ የሙሽራ ልብሷን በገዛ እጇ ሰፋችላት፤ በሠርጉም ቀን ሰፈሩ ሁሉ መሰከረላት።

ዴቃ ባሏን ተከትላ ደወሌ ገባች፤ ትዳሩም ጠብ አልነበረበትም። ግን ልጅ አልመጣም፤ ዐብዲኑርም ጅቡቲ ሌላ ሚስት አገባና ደወሌ የሚያድርበት ቀን እያነሰ ሄደ። ዴቃ አላጉረመረመችም። ስልክ ሲገባ ባቱሎ ትደውልላታለች፤ «ደህና ነኝ፣ ሙቀቱ ብቻ ነው» ትላታለች። ባቱሎም አመነች፤ ወይም ማመኑ ቀለላት።

በየጣሪያው ዲሽ ሲተከል የሐሙሱ ፊልም ቀረ። አትጠገብ ወደ አገሯ ተዛወረች። በመጨረሻም የብርቄ ባል ጡረታ ወጥቶ ዕቃቸውን ሲጭኑ፣ ብርቄ ልትሰናበት ገብታ ተቀመጠች። ስለ ድሮው ጊዜ እያወሩ ሲስቁ ባቱሎ የጀልባውን ፊልም አነሣች። የብርቄ ሳቅ ጠፋ።

«ያኔ የተናገርሽው ነገር…» አለች ብርቄ። «ዴቃ ስለ ፊልሙ መስሎሽ ነው የጠየቀችሽ?»

«ታዲያ ስለ ምን ነው?»

«ስለ ሳማታር ነው እንጂ። ከሀርሺን ከብት በሚያመጣው መኪና ላይ ረዳት የነበረው ልጅ። ሽማግሌ ሊልክ ነበር። እሷ ግን መጀመሪያ ያንቺን ልብ ልየው አለችው። ፈርታሽ ፊት ለፊት መናገር አቃታት። በማግሥቱ ሂድ አለችው።»

«አንቺ እያወቅሽ ዝም አልሽ?»

«አስምላኝ ነበር፤ ልጅም ነበርኩ፣ እንግዳም ነበርኩ። የሰው አገር ነገር ውስጥ እንዴት ልግባ? ደግሞ አንቺ እንዲያ ካልሽ በኋላ ምን ይባላል?»

ባቱሎ ልጁን ለማስታወስ ሞከረች። አንድ ቀን የተቀደደ ሸሚዝ ይዞ መጥቶ ሰፍታለታለች። ሲያመሰግናት ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ነበር። ከዚያ በላይ ምንም አልመጣላትም። ሰው ብታጠያይቅ በርበራ ወደብ ላይ ሥራ ይዞ፣ አግብቶ፣ ብዙ ልጆች ወልዶ እንደሚኖር ነገሯት። ደህና መሆኑን ስትሰማ ደስ ሊላት ሲገባ ጭራሽ ባሰባት።

ከዚያ በኋላ መቀስ ስትይዝ እጇ መዘግየት ጀመረ። ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው «ይመጣጠናሉ አይደል?» ሲሏት «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጅቷን ጠይቋት» ትላለች። አረጀች አሉ።

በመጨረሻ ሱቋን ዘግታ በድሬዳዋና በሽንሌ በኩል ደወሌ ወረደች። ዴቃን ያገኘቻት ከጉምሩኩ ፊት ለፊት ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ፣ ለሾፌሮች ውኃና ብስኩት ስትሸጥ ነው። ከስታለች፤ ፊቷም ጠቁሯል። እህቷን ስታይ ግን እንደ ልጅነቷ ሮጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ባቱሎ ሁለት ቀን ሙሉ በሱቁ ሥራ ስታግዛት ዋለች። በሦስተኛው ቀን ዴቃ ውኃ ስትቀዳ ከኋላዋ ቆማ «ብርቄ ነገረችኝ» አለች።

ዴቃ የጀሪካኑን ክዳን አጠበቀች። ምን እንደሆነ አልጠየቀችም።

«ለምን በቀጥታ አልነገርሽኝም?» አለች ባቱሎ። «ፊልም ነው ብዬ እኮ ነው። ለማሳቅ እኮ ነው የተናገርኩት።»

«እኔም ፊልም አስመስዬ ነው የጠየቅሁሽ» አለች ዴቃ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «አንድ ነገር ግን ንገሪኝ አባዮ። ሳማታር ብዬ ስሙን ጠርቼ ብጠይቅሽ ኖሮ፣ ሌላ ነገር ትዪኝ ነበር?»

ባቱሎ አዎ ልትል አፏን ከፈተች። የዚያን ዘመኗን ባቱሎ አሰበቻት፤ በቃሏ የምትኮራዋን፣ የተቀደደውን ሸሚዝ ያየችውን፣ እህቷን ከድህነት ለማውጣት ዓይኗን በመርፌ ያደከመችውን። ያቺ ሴት ምን ትል እንደነበር ታውቃለች። መዋሸትም አልቻለችም።

«እንጃ» አለች።

«እኔም እንጃ» አለች ዴቃ፤ ጀሪካኑንም ብድግ አድርጋ ወደ ሱቁ ገባች፤ የጭነት መኪኖች መጥተው ቆመው ነበርና።

ባቱሎ ከመሄዷ በፊት «ነይ ወደ ጅጅጋ እንመለስ፣ ቤቱ ያንቺም ነው» አለቻት። ዴቃ ፈገግ አለች። «ሾፌሮቹ ለምደውኛል» አለች። «ሙቀቱም ለምዶኛል። ደግሞ እዚያ ሄጄ ምን እሠራለሁ? ዞሬ ያንቺ ታናሽ ልሁን?»

ባቱሎ ብቻዋን ተመለሰች። አሁንም በስልክ ይገናኛሉ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት ዋጋ ያወራሉ። ባቱሎ አንዳንዴ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት «ዴቃ…» ብላ አንድ ነገር ልትናገር ትጀምራለች። ዴቃም ከወዲያ ሆና ጥቂት ትጠብቃታለች፤ ከዚያ «በይ ደህና ዋይ አባዮ፣ መኪና መጣ» ትላለች።